ሦስተኛው ንጉሥ ማን ነው?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ለሥራ ማድሪድ ሄጄ ፕራዶ ሙዚየም ገባሁ። ሂሮኒመስ ቦሽ የሚባል ሠዓሊ የሠራው የሰብአ ሰገል ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሁ። ከሦስቱ ነገሥታት አንዱ ጥቁር ነው፤ ያውም ከሁሉም አምሮ የለበሰው እሱ ነው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ‹ይኼ የእኛ ንጉሥ ነው› አለኝ። አላመንኩትምና እራት ተወራረድን። ነገር ግን በሌሎች ሥዕሎች ላይ የማያቸው ጥቁሮች ትሪ የያዙ፣ ፈረስ የሚስቡ፣ ጥግ ላይ የቆሙ ናቸው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ጥቁር ሰው እንዴት ዘውድም ትሪም ይይዛል? በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ የተከበረ ነበር ወይስ የተናቀ?»

ከውርርዱ ልጀምር፦ የእራቱን ሒሳብ እኩል ክፈሉ። ጓደኛዎ «ኢትዮጵያዊ ነው» ቢል ኖሮ የሚያስረዳለት የዘመኑ መጽሐፍ አያጣም ነበር፤ «የእኛ ንጉሥ ነው» ማለቱ ግን አያስኬደውም። የቀረው ጥያቄዎ ከእራቱ ይከብዳልና ትንሽ ራቅ ብዬ መነሳት ይኖርብኛል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ ሁለት ገልጠው ቢያነቡ፣ ሰብአ ሰገል ከምሥራቅ መጡ ይላል እንጂ ሦስት ነበሩ አይልም። ነገሥታት ነበሩ አይልም። ስማቸውን አይነግርም፤ የቆዳቸውን መልክማ ጨርሶ አያነሳም። ሦስትነታቸው የተቆጠረው ከወርቁ፣ ከዕጣኑና ከከርቤው ነው። ንጉሥነታቸውን ያገኙት ደግሞ የሳባ ነገሥታት እጅ መንሻ እንደሚያመጡ ከሚናገረው መዝሙረ ዳዊት ነው። ራቬና በምትባለው የጣሊያን ከተማ፣ በቅዱስ አፖሊናሬ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ በ6ኛው መቶ ዘመን በሞዛይክ የተሠሩት ሦስቱ ሰዎች የፋርስ ቆብ ደፍተው ስጦታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይሮጣሉ ማለት ይቻላል። ሦስቱም ነጮች ናቸው። የሚለያዩት በዕድሜ ነው፦ አንዱ ሽበታም፣ አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ጢም ያላወጣ ወጣት።

ይህን የዕድሜ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ለጥቁሩ ንጉሥ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ሦስቱ ሰዎች ሦስቱን የሰው ልጅ ዕድሜዎች ከወከሉ፣ ሦስቱን የዓለም ክፍሎችም መወከል ይችላሉ። የመካከለኛው ዘመን አውሮፓዊ የሚያውቀው ዓለም ደግሞ እስያ፣ አውሮፓና አፍሪካ ነው፤ ሦስቱም ለሦስቱ የኖኅ ልጆች የተከፋፈሉ። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ የግድ የአፍሪካ ሰው ሊሆን ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን ቀድመው ብለውታል። በእንግሊዛዊው መነኩሴ በቤዳ ስም ሲዞር የኖረ አንድ ጽሑፍ በትውፊት ከሦስቱ አንዱ የሆነውን ባልታዛርን ጠይም ያደርገዋል፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የጀርመኑ መነኩሴ ዮሐንስ ዘሂልደስሃይም ስለ ሦስቱ ነገሥታት በጻፈው ትረካ ከሦስቱ አንዱን ጥቁር ኢትዮጵያዊ ብሎታል። የሚገርመው ሠዓሊዎቹ ናቸው። መጽሐፉ ይህን እያለ፣ እነሱ ለረጅም ጊዜ ሦስት ነጭ ነገሥታት መሣላቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ስለ «ኢትዮጵያዊ» ቃል አንድ ነገር ካላልኩ እራቱ አያልቅም። በግሪክና በላቲን ይህ ቃል «ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ» ማለት ነው፤ ከግብጽ በታች ያለ ጥቁር ሰው ሁሉ፣ አንዳንዴም የሕንድ ሰው፣ በዚሁ ይጠራ ነበር። ስለዚህ ላቲን ጽሑፍ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ባገኘን ቁጥር አክሱምን ወይም ሸዋን ማሰብ የለብንም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በየጽሑፉ ስሙን ባየሁ ቁጥር ከሥሩ አሰምርበት ነበር፤ በኋላ ያሰመርኩት ግማሽ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

ስሙ የሚጠቅመው ሠዓሊው ሲፈልገው ብቻ መሆኑን ለማየት አንድሮሜዳን ይመልከቱ። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት፤ ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ከዐለት ጋር ታስራ ጀግና የሚያድናት ልዕልት። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በግጥሙ ጠይም መሆኗን በግልጽ ይናገራል። ቲሲያን ግን በ1550ዎቹ ለስፔኑ ንጉሥ ለፊሊፕ 2ኛ ሲሥላት ወተት የመሰለች አደረጋት፤ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን፣ ዋላስ ስብስብ ውስጥ አለ። ቲሲያን ኦቪድን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር። አላነበበም ብዬ አልከራከርለትም።

ወደ ነገሥታቱ እንመለስ። መልኩ መለወጥ የጀመረው በጀርመን ምድር ነው፤ እዚያም ከሦስቱ ነገሥታት በፊት የቀደመችው የእኛው ንግሥተ ሳባ ናት። ቪየና አጠገብ ባለው የክሎስተርኖይቡርግ ገዳም፣ የቬርደኑ ኒኮላስ የተባለ አንጥረኛ በ1181 የፈጸመው በወርቅና በቀለም መስተዋት የተለበጠ ሥራ አለ። ንግሥተ ሳባ ሰሎሞን ፊት ቆማለች፤ ፊቷ ጥቁር ነው። የተቀመጠችውም ከሰብአ ሰገል ሥዕል ጋር ተያይዛ ነው፦ ያኔ ንግሥቲቱ ለሰሎሞን ስጦታ እንዳመጣች፣ አሁን ነገሥታቱ ለክርስቶስ አመጡ ለማለት። ንግሥቲቱ ጥቁር፣ ነገሥታቱ ነጭ። ይኸው አንጥረኛ ቆየት ብሎ በኮሎኝ ካቴድራል የሦስቱን ነገሥታት አፅም የያዘውን የወርቅ ሣጥን ሠርቷል። አፅሙ ከሚላኖ ወደ ኮሎኝ የተወሰደው በ1164፣ በንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኮሎኝ የነገሥታቱ ከተማ፣ ነገሥታቱም የጀርመን ነገሥታት ጠባቂዎች ሆኑ።

ከዚያ ማግደቡርግ ትመጣለች። በዚያች ከተማ ካቴድራል ውስጥ በ1240ዎቹ ገደማ ከአሸዋ ድንጋይ የተጠረበ የቅዱስ ሞሪስ ሐውልት ቆሟል። ሞሪስ በትውፊቱ ከላይኛው ግብጽ የዘመተ የሮም ጦር አዛዥና ሰማዕት ነው። ጠራቢው የብረት ጥሩር አልብሶታል፤ ፊቱን ግን እንደ ልማዱ አልሠራውም። ሰፊ አፍንጫ፣ ወፍራም ከንፈር፣ ንቁ ዓይን፤ ከጥሩሩ መክፈቻ ውስጥ ሆኖ የሚያየው አንድ የታወቀ ሰው ይመስላል። ከእግሮቹ የታችኛው ክፍል ዛሬ የለም፤ ፊቱ ግን ደህና ቆይቷል። ይህን ፊት የጠረበ ሰው ጥቁር ሰው ቆሞለት አይቶ መሆን አለበት፤ ከመጽሐፍ ብቻ እንዲህ አይወጣም። ጀርመንን ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ሮማ መንግሥት ነገሥታት ጥቁር ቅዱስ የፈለጉት ደግሞ በደግነት ብቻ አልነበረም፤ ግዛታችን እስከ ምድር ዳርቻ ነው ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን፤ በጣም ከምወዳቸው ማስረጃዎች አንዱን ላሳይዎ። ሮጂየር ቫን ደር ቫይደን በ1455 ገደማ ለኮሎኝ የቅድስት ኮሉምባ ቤተ ክርስቲያን ባለ ሦስት ክንፍ የመሠዊያ ሥዕል ሠራ፤ ዛሬ ሙኒክ ይገኛል። ሽማግሌው ንጉሥ ተንበርክኮ የሕፃኑን እጅ ይስማል፣ ሁለተኛው ከኋላው ዝቅ ብሏል፣ ሦስተኛው ቄንጠኛ ወጣት ነው፤ ነጭ። ሃንስ ሜምሊንግ ከሮጂየር የሥራ ቤት እንደወጣ የሚታመን ሠዓሊ ነው። በ1470 ገደማ የሠራው የሰብአ ሰገል ሥዕል፣ እርስዎ በነበሩበት በፕራዶ ተሰቅሏል። አቀማመጡ የመምህሩ ነው፦ ያው ጎጆ፣ ያው ተንበርካኪ ሽማግሌ፣ ያው ሥርዓት። ወጣቱ ንጉሥ ግን ጥቁር ሆኗል። በ1479 ለብሩዥ የቅዱስ ዮሐንስ ሆስፒታል ሲሠራም እንደዚያው አደረገው። በመምህርና በተማሪ መካከል፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ተለወጠ። ወንበሩ ግን አልተነካም።

«ወንበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሦስተኛው ንጉሥ የቦታ ስም ነው፤ ከሩቅ ለመጣው፣ ለወጣቱ፣ መጨረሻ ለሚደርሰው የተተወ ቦታ። ማን እንደሚቀመጥበት የሚወስነው አውሮፓ በዚያን ጊዜ ዓይኗን የጣለችበት አቅጣጫ ነው። ይህን የሚያረጋግጠው ከፖርቱጋል፣ ከቪዜው ከተማ የመጣ ሥዕል ነው። ፖርቱጋሎች ብራዚል የደረሱት በ1500 ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቫስኮ ፈርናንዴስ ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ሆኖ ለከተማዋ ካቴድራል የሰብአ ሰገልን ሥዕል ሲያወጣ፣ ጥቁሩ ንጉሥ የለም፤ በቦታው የላባ ዘውድ የደፋ የብራዚል ተወላጅ ቆሟል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየው ልማድ አዲስ መርከብ ስለገባ ብቻ ተቀየረ።

«ታዲያ እውነተኛ ኢትዮጵያዊ አላዩም ወይ?» ቢሉኝ፣ አይተዋል። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አራት ነብሮች ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። በ1441 ደግሞ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ መነኮሳት ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ መጥተው በኋላም ሮምን ጎብኝተዋል። የጉባኤው አባቶች ንጉሣቸውን፣ በአውሮፓ ተረት በታወቀው የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ ስም፣ «ካህኑ ዮሐንስ» እያሉ ሲጠሩባቸው፣ መነኮሳቱ የንጉሣችን ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነው፣ እንዲህ የሚባል ስም የለውም እያሉ ማስረዳት ነበረባቸው። አልተሳካላቸውም፤ አውሮፓ ካህኑ ዮሐንስን ለመተው ገና አንድ መቶ ዓመት ይቀራት ነበር። ፊላሬቴ የተባለው ቀራጭ በ1445 የጨረሰው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የነሐስ በር እስከ ዛሬ ተንጠልጥሏል፤ ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ጉባኤው የመጡ እንግዶች በትናንሽ ምስል ተቀርጸውበታል። በቫቲካን ግንብ ውስጥም ለኢትዮጵያውያን ተጓዦች የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለዚህ ጓደኛዎ ባዶ አልተናገረም፦ ጥቁር ክርስቲያን ንጉሥ በሩቅ አገር አለ የሚለው ወሬ ሠዓሊውን አደፋፍሮታል። ሆኖም ቦሽ ፊቱን የወሰደው ከዘርዐ ያዕቆብ መልእክተኞች አይደለም።

ከየት ወሰደው? ይህ ነው የጥያቄዎ መራራ ግማሽ።

በነሐሴ 1444 በፖርቱጋል ወደብ በላጎስ 235 አፍሪካውያን ከመርከብ ወርደው ሜዳ ላይ ተከፋፈሉ፤ እናት ከልጅ እየተለየ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዙራራ ራሱ ለቅሷቸውን መዝግቧል። ሜምሊንግ ጥቁሩን ንጉሥ የሣለው ከዚያ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በብሩዥ፣ በአንትወርፕ፣ በቬኒስ ጎዳና ጥቁር ሰው መታየት የጀመረው በዚሁ መካከል ነው፤ አብዛኛው ተሽጦ። ዘውዱና ሰንሰለቱ ተከታትለው የመጡ አይደሉም፤ አብረው አደጉ።

ማንቱዋን ላንሳልዎ፤ ሁለቱን በአንድ ቤት ያገኙበታል። የከተማዋ ገዥ ሚስት ኢዛቤላ ዴስቴ በ1491 ቬኒስ ላለው ወኪሏ ጽፋ፣ ዕድሜዋ በአንድ ዓመት ተኩልና በአራት ዓመት መካከል የሆነች፣ በተቻለ መጠን የጠቆረች ሕፃን እንዲገዛላት ጠይቃለች። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ አንድሬያ ማንቴኛ ነው። ማንቴኛ ከ1495 እስከ 1505 ባለው ጊዜ የሠራው የሰብአ ሰገል ሥዕል ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ ጌቲ ሙዚየም ነው። ጎጆ የለም፣ ግመል የለም፣ ኮከብ የለም፤ ከደረት በላይ የሚታዩ ሰዎች ተጠጋግተው ብቻ። አንዱ ንጉሥ ከቻይና የመጣ ነጭና ሰማያዊ የሸክላ ስኒ ይዟል፤ ባልታዛር ከአጌት ድንጋይ የተሠራ ክዳን ያለው ጽዋ። ፊቱን ጠጋ ብለው ቢያዩት አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ይመስላል። ከሦስቱ ነገሥታት ሕፃኑን እንዲህ አተኩሮ የሚያየው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ፊት ከሰው የተወሰደ ነው። ያ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ወይም በአካባቢው ሆኖ የማንቴኛን ብሩሽ ሲጠብቅ ቆሟል፤ ማታ ዘውዱ አብሮት ወደ ቤት አልሄደም።

ከእነዚህ ቆመው ከተሣሉ ሰዎች መካከል ስሟ የቀረልን አንዷ ካታሪና ናት። አልብሬኽት ዱረር በ1521 አንትወርፕ ሳለ፣ በፖርቱጋሉ የንግድ ወኪል ቤት የምታገለግለውን ይህችን ሴት በብር ጫፍ ነድፏታል። ብር ጫፍ የሚባለው በተዘጋጀ ወረቀት ላይ ቀጭን የብር ሽቦ የሚጎተትበት ስልት ነው፤ የተሳሳተውን ማጥፋት አይቻልም፤ እጅ ሳይቸኩል ዓይን ቀድሞ ማየት አለበት። ፀጉሯ በሻሽ ተሸፍኗል፤ ዓይኗ ወደ ታች ነው። ዱረር ከላይ ስሟንና ዕድሜዋን፣ 20 ዓመት፣ ጽፎበታል። ከዚህ ሌላ ስለ ሕይወቷ የሚነግረን የለም። ሆኖም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ፍሎሬንስ፣ ኡፊዚ ውስጥ፣ የደከማትን ሴት ቅንድብ እናያለን። ዱረር ከዚያ በፊት በ1504 ጥቁር ንጉሥ ሥሎ ነበር፤ ያኛው ጌጥ የበዛበት ጥሩ ሥዕል ነው፤ እንደ ካታሪና ያለ ትኩረት ግን አላገኘም።

ፒተር ፖል ሩበንስ በ1610ዎቹ አንድን ጥቁር ሰው ከአራት አቅጣጫ በአንድ ሸራ ላይ ሣለው፤ ሲስቅ፣ ሲያዳምጥ፣ ወደ ላይ ሲያይ። ብራስልስ ይገኛል፤ ስሙ አልተጻፈም። ይህን ሥዕል የቤልጂግ መንግሥት በ1950ዎቹ በ500 ፍራንክ ኖት ጀርባ ላይ አተመው። ከፊት ለፊቱ የማን ምስል እንዳለ ይገምቱ፤ ኮንጎን የግል ርስቱ ያደረገው የሊዮፖልድ 2ኛ።

ትሪ ስለያዙት ብዙ አልሄድም፤ አንድ ካዩ ሁሉንም እንዳዩ ነው። ለንደን፣ በብሔራዊ የመልክ ሥዕሎች ሙዚየም፣ ፒየር ሚኛር በ1682 የሣላት የእንግሊዝ ንጉሥ የቻርልስ 2ኛ ውሽማ ሉዊዝ ደ ኬሩዋይ አለች። እጇን አንዲት ጥቁር ሕፃን ትከሻ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ሕፃኗ ዕንቁ የሞላ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊትና ቀይ ዛጎል ትሰጣታለች፤ አንገቷ ላይም ዕንቁ ታስሯል። ሕፃኗም፣ ዕንቁውም፣ ዛጎሉም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ ሠዓሊው እንደ አንድ ዕቃ ደርድሯቸዋል። የሴትየዋ ቆዳ ይበልጥ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ጥቁሩ ቆዳ አጠገቡ ተደረገ። ይህ ዓይነቱ ሥዕል ለሁለት መቶ ዓመት ያህል እንደ ፋሽን ተሰራጭቷል፤ ሙዚየሞች አሁን ርዕስ ላይ ስም ለመጻፍ ሲሞክሩ የሚያገኙት የሴትየዋን ብቻ ነው።

ከዚህ ሕግ ያመለጠ አለ ወይ? አለ፤ ኹዋን ደ ፓሬኻ። የዲዬጎ ቬላስኬዝ ባሪያ ነበር፤ ቀለም ይፈጭለት፣ ሸራ ይወጥርለት ነበር። በ1650 ሮም ሳሉ ቬላስኬዝ መልኩን ሥሎ በመጋቢት ወር ፓንቴዎን ውስጥ ለሕዝብ አሳየው። ሰውየው ካባውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ክንዱን አጥፎ፣ እርስዎን በቀጥታ ያያል፤ ዝቅ ያለ ነገር የለውም። ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሄዶ ሥዕሉን ያየ ሰው ዓይኑን ቀድሞ የሚመልሰው ራሱ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቬላስኬዝ የነጻነት ወረቀቱን ፈረመለት፤ ያውም አራት ዓመት ተጨማሪ እንዲያገለግል የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨምሮ። ያን ሁሉ ክብር በሸራ ላይ ያየ ሰው አራት ዓመቱን መተው አቃተው! ፓሬኻ ግን ነጻ ወጥቶ ራሱ ሠዓሊ ሆነ። በ1661 «የማቴዎስ መጠራት» የሚለውን ትልቅ ሥዕል ሠርቶ፣ ግራ ዳር ላይ ራሱን አቁሞ፣ በእጁ በያዘው ወረቀት ላይ ስሙን ጻፈ። ይህ ሥዕል ፕራዶ ነው፤ ሳያዩት አልፈው ከሆነ ያሳዝናል።

አሁን ጓደኛዎን የምክስበት ቦታ መጣ፤ እውነተኛ ኢትዮጵያውያን በስማቸው ተሥለዋልና። ኡፊዚ ውስጥ የዐፄ ልብነ ድንግል መልክ አለ፤ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሠራው፣ ፓኦሎ ጆቪዮ ከሰበሰባቸው የታላላቅ ሰዎች መልኮች የተገለበጠ። ንጉሡ ከቱርክ ሱልጣኖችና ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ተሰልፏል፤ እንደ እኩል። ሠዓሊው ግን ንጉሡን በዓይኑ አላየም። ሁለተኛው ሥዕል ከዚህ በጣም ያነሰ፣ ለእኔ ግን በጣም የሚበልጥ ነው። በ1630ዎቹ ጸጋ ክርስቶስ የተባለ ወጣት በኢየሩሳሌምና በሮም አልፎ ቶሪኖ ገባ፤ የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ፣ ዙፋኔን ሱስንዮስ ነጠቀኝ ይል ነበር። ታሪክ አጥኚዎች አስመሳይ ነበር ይላሉ። የሳቮይ ቤተ መንግሥት ሠዓሊት ጆቫና ጋርዞኒ በ1635 መልኩን በብራና ላይ በውኃ ቀለም ሣለችው፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ሞላላ ሥዕል ናት። በነጠብጣብ ነው የሠራችው፤ በፍራፍሬና በአበባ ሥዕሎቿ የታወቀችበት ስልት። ጥቁሩን ቆዳ በአንድ ቡናማ ቀለም ለቅልቃ አልተወችውም፤ ፊቱ ላይ ብርሃኑ ሲሄድ ያዩታል። ከጀርባው ስሟን በጣሊያንኛ ፈርማለች፤ ከሥሩ ደግሞ በእኛው ፊደል። ፊደሉን ያስተማራት ራሱ ተቀምጦ ሲሣልላት መሆን አለበት። ወጣቱ በ1638 ፓሪስ አጠገብ ሞተ። በዙፋን ላይ የነበረው ልብነ ድንግል ሳይታይ ተሣለ፤ ዙፋን ያልነበረው ይህ ወጣት ግን ተሣይነቱን በራሱ ፊደል አስመሰከረ።

ስለ «ጥግ ላይ የቆሙት» ደግሞ ከሙያው አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም ጨለማ የሠዓሊው አይደለም። ዘይት ቀለም ሲያረጅ ጥቁርና ቡናማው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰጥማል፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት ይጠፋል። በላዩ የተቀባው ቫርኒሽ ደግሞ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። የድሮ ጠራጊዎች በጠንካራ ፈሳሽ ሲያጸዱ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ጥቁር ክፍል ነው፤ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ነጭ ቀለም ያለበት የነጩ ፊት እንደ ድንጋይ ይጸናል። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች እኩል አያረጁም። ብዙ ጊዜ ዛሬ «ጥላ» የምንለው ሰው ሲሣል ጉንጩ ላይ ሰማያዊ ነጸብራቅ፣ ከንፈሩ ላይ ሮዝ ነበረው።

አንዳንዴ ግን መጥፋቱ የእጅ ሥራ ነው። በ1837 ገደማ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተሣለ የሦስት ነጭ ሕፃናት ሥዕል ነበር፤ ሠዓሊው ዣክ አማንስ ነው የሚባል። ከኋላቸው ባለው ሰማይ ላይ የሰው ቅርጽ የመሰለ ጭጋግ ይታይ ነበር። የላይኛው ቀለም ሲነሳ ዛፍ ተደግፎ፣ እጁን አጣጥፎ የቆመ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወጣ። ቤሊዜር ይባላል፤ የቤተሰቡ ባሪያ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ አካባቢ አንድ ሰው በሰማይ ቀለም ሸፍኖታል። ሕፃናቱ ሦስቱም ሳያድጉ ሞቱ፤ ቤሊዜር አድጓል። በ2023 ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥዕሉን ሲገዛ ስሙን ከርዕሱ ፊት አስቀደመ።

«ተከበረ ወይስ ተናቀ» ለሚለው ጥያቄዎ የማውቀው መልስ ይኼ ነው፦ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ተከብሯል፤ የተቀመጠበት ሰው የታየው አልፎ አልፎ ነው። ሥዕል ፊት ሲቆሙ ዘውዱንና ትሪውን ለጊዜው ይተዉትና ሠዓሊው ጆሮውን፣ የዓይኑን ቆብ፣ የጣቱን ጥፍር እንዴት እንደሠራ ይመልከቱ። ሰው አይቶ የሣለና ቦታ ለመሙላት የሣለ እጅ እዚያ ይለያያሉ። በነገራችን ላይ እኛም ከልማድ ነጻ አይደለንም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ማንም ክፉ ሰው አንድ ዓይን ስላለው አይደለም።

ዳግም ማድሪድ ከሄዱ ቦሽ ፊት ይመለሱ። ንጉሡ በግራ በኩል ቆሟል፤ ነጭ ልብሱ ዳር ዳሩ እንደ እሾሃማ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ በእጁ ያለው ክብ ዕቃ አናት ላይ ወፍ ቆማለች። እስካሁን ያዩት ይህን ነው። አሁን ከንጉሡ ጀርባ ይመልከቱ። አንድ ትንሽ ጥቁር አገልጋይ ቆሟል፤ የጠየቁኝ ዘውድና ትሪ እዚያው፣ ከአንድ እርምጃ ባልራቀ ቦታ፣ አንዱ በሌላው ኋላ ናቸው። እራቱን ከመክፈላችሁ በፊት ለጓደኛዎ ያሳዩት።